ቆቡ የራስ ነው ወይስ የመሪ?

በዚህ ጋዜጣ ገጾች ላይ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ፣ ስለ መኝታ ቤቱ መብራትና ስለ ፈተና ውጤት መዘግየት ብዙ ተጽፏል። መጻፉም ተገቢ ነው። እኛ ከዋግ ኽምራ የመጣን ተማሪዎች ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን ከግቢው አጥር ውጭ ያለና ለአንዳንዶቻችሁ በመጀመሪያ ሲሰሙት ቀላል መስሎ የሚታይ ነው። ይኸውም ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ወይም በሞተር ላይ የሚፈናጠጥ ሰው በራሱ ላይ ስለሚያደርገው ቆብ ነው። መጽሐፉ የራስ ቁር ይለዋል፤ ወታደሩ ብረት ቆብ ይለዋል፤ ሞተረኛው ደግሞ ሄልሜት ይለዋል። እኛ እዚህ ላይ ባጭሩ ቆብ እንለዋለን። በስሙ ላይ ከማንም ጋር ክርክር የለንም።

ነገሩን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ማኅበራችን በመጪው ክረምት ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደየወረዳቸው ለሚሄዱ አባሎች የጉዞ ዕቃ ስለ መግዛት ተነጋግሯል። ጃኬት ተባለ፤ ቦት ጫማ ተባለ፤ የማኅበሩ ስም የተጻፈበት ካናቴራ ተባለ። አንድ አባል ቆብ ቢያነሣ «እኛ ሞተር የለንም» የሚል መልስ ተሰጠውና ጥቂት ተሳቀ፤ ታለፈም። እውነት ነው፣ ሞተር የለንም። ነገር ግን አምና በክረምቱ ከመካከላችን ወደ ገጠር ቀበሌ ወርዶ በሞተር ያልተፈናጠጠ ማን ነው? ከጤና ጣቢያው እስከ ጤና ኬላው፣ ከወረዳው እስከ ትምህርት ቤቱ ያደረሰን የባለሙያው ሞተር ነው። ሞተር የሌለው ሰው ራስ የለውም ያለ ሕግ እኛ አላየንም።

ፃግብጂን የማያውቅ ጓደኛ ብዙ ስለ ሆነ ስለ አገሩ ጥቂት እንበል። ፃግብጂ በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ ዞን ውስጥ ያለች ወረዳ ናት። የዞኑን ዋና ከተማ ሰቆጣን ታሪክ የተማረ ሁሉ በዋግሹሞች መቀመጫነቷ፣ ተሳላሚ በውቅር መስቀለ ክርስቶስ፣ የጤና ተማሪ ደግሞ በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት በገባው በሰቆጣ ቃል ኪዳን ያውቃታል። ፃግብጂን ግን ከዞኑ ውጭ በስሟ የሚጠራት ጥቂት ነው። ስሟ በጋዜጣ ደጋግሞ የተነሣው ከ2013 ዓ.ም. በኋላ በነበረው ጦርነት፣ ሕዝቧ ከአበርገሌ ሕዝብ ጋር ተፈናቅሎ በሰቆጣ በተጠለለበት ጊዜ ነው። አገሩ ከሰቆጣ ደጋ ተነሥቶ ወደ ተከዜ ቆላ የሚወርድ፣ በገደልና በሸለቆ የተሸነሸነ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ጠዋት ጋቢ ታስደርባለች፤ ወደ ቆላው የወረደ ሰው ግን በዚያው ቀን ቀትር ላይ ሸሚዙን ለማውለቅ ጥላ ይፈልጋል። መንገዱ አብዛኛው ጠጠርና አፈር ነው፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። በዚህ አገር ላይ የክትባቱን ሳጥን፣ የፍየሉን መድኃኒት፣ የተማሪውን ፈተና ወረቀት የሚያዳርሰው ሞተር ነው። መኪናው ከዋናው መንገድ አይወጣም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሞተር፣ የበቅሎና የእግር ነው።

እንግዲህ ሞተረኛውን እንየው። ቆብ የለውም አይባልም፤ ብዙውን ጊዜ አለው። ነገር ግን ቆቡ በመሪው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ወይም እንደ ቅርጫት በክንዱ ላይ ገብቷል፤ ወይም ከኋላ ከዕቃው ጋር በላስቲክ ታስሯል። ወደ ሰቆጣ ሲቃረብ ቆም ይልና ራሱ ላይ ያደርገዋል፤ ትራፊክ ፖሊሱን አልፎ ከከተማ ሲወጣ መልሶ ያወርደዋል። ሕጉ ቆብ አድርግ ይላልና ለሕጉ ያደርገዋል። ገደሉ ያለበት ደግሞ ከከተማው ውጭ ነው።

ይህን ያየ የከተማ ልጅ ሁሉ አንድ ዐይነት ፍርድ ይሰጣል፤ «አያውቁም፤ ማስተማር ያስፈልጋል» ይላል። እኛ በዚህ ፍርድ አንስማማም። ሞተረኛው የመውደቅን ነገር ከእኛ የበለጠ ያውቃል፤ ወድቋልና። ቆቡን ያወለቀበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ሲጠየቅ በግልጽ ይናገራል። ዳሩ ግን የሚጠይቀው የለም። ፖስተር የሚለጥፍበት ሰው ሞልቷል፤ ቁጭ ብሎ «ምን ላይ ነው የሚቈረቍርህ?» የሚለው ግን ጠፍቷል።

እኛ ባለፈው ክረምት ጠይቀናል። አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ «ዳገቱን ስወጣ ራሴን ምጣድ ሥር የከተትሁት ይመስለኛል» አለን። ይህ ማጋነን አይደለም። ፊት የሚሸፍነው ሙሉ ቆብ የተሠራው በአስፋልት ላይ በሰዓት ሰማንያና መቶ ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ነው። በግንባሩና በአገጩ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች አየር የሚያስገቡት ነፋሱ ፊት ለፊት በኃይል ሲመጣ ነው። የእኛ ሞተረኛ ግን ዳገቱን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ፍጥነት ይወጣል፤ ነፋሱ ደግሞ ከኋላው ከሆነ በቆቡ ውስጥ አንዳች አየር አይንቀሳቀስም። በቆቡ ውስጥ ያለው ነጭ ፎም በረዶ ሳይቀልጥ ለማቆየት የሚያገለግለው ዐይነት ነው፤ ሙቀትን አያሳልፍም። የሰውየው ላብና ትንፋሽ እዚያው ይቀራል፤ መስተዋቱ ይደበዝዛል፤ መስተዋቱን ከፈት ሲያደርግ ደግሞ አቧራው ይገባል። ስለዚህ የምቾት ጥያቄ የቅምጥልነት ጥያቄ አይደለም። ላብ ዐይኑ የገባበት ነጂ ድንጋዩን አያይም።

ሁለተኛው ምክንያት ጆሮ ነው። «ከመታጠፊያው ወዲያ የሚመጣውን የአይሱዙ ጡሩምባ አልሰማም፤ የፍየል መንጋ ቃጭልም አልሰማም» ይላሉ። በዚህ ላይ ጥናት አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1981 የወጣው፣ ሃሪ ኸርት የተባሉ ሊቅ በሎስ አንጀለስ 900 የሞተር አደጋዎችን በየሥፍራው ተገኝተው ከመረመሩ በኋላ ያቀረቡት ዘገባ፣ ቆብ አስፈላጊውን የመንገድ ድምፅ እንደማያሳጣ፣ አደጋ ለመለየት የሚያስፈልገውን እይታም እንደማያጠብ ይገልጻል። የሆነ ሆኖ ሎስ አንጀለስ ፍየል የለም። እኛ በዚህ ነጥብ ላይ ጥናቱን ብናምንም ሞተረኛውን ውሸታም ልንለው አንደፍርም፤ በጠጠር ላይ የሚንገጫገጭ ልቅ ቆብ ራሱ የሚያሰማው ጩኸት ቀላል አይደለም። መፍትሔው ግን ቆቡን ማውለቅ ሳይሆን ልኩን ማግኘት ነው፤ በልኩ የሆነ ቆብ አይንቋቋምና።

ሦስተኛውን ምክንያት የከተማ ሰው ከቶ አያስበውም፤ እርሱም ሰላምታ ነው። በእኛ አገር መንገድ ላይ ሽማግሌ አግኝቶ ሳይሳለም የሚያልፍ ሰው የለም። ፊቱን በጥቁር መስተዋት ሸፍኖ ያለፈ ባለሙያ ነገ በዚያ ቀበሌ ስብሰባ ቢጠራ ማን ይመጣለታል? «ያ ፊቱን የሸፈነው» ተብሎ ስም ይወጣለታል። ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ ፊቱ የማይታይ ሞተረኛ ሰው ያስደነግጣል፤ ኬላ ላይ የቆመውም ዘበኛ መጀመሪያ የሚለው «አውልቅ» ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሞተርን በወንጀል ምክንያት ስታግድ የሞተረኛን ስም ምን ያህል እንዳጠቈረችው እዚህ ላይ አንዘረዝርም።

ምክንያታቸውን ይህን ያህል ካከበርን ዘንድ፣ አሁን ደግሞ በሌላው ወገን ያለውን እንናገር። ሞተረኞቻችን አንድ ነገር ላይ ይሳሳታሉ ብለን እናምናለን። «እኔ ፈጥኜ አልነዳም፤ በጠጠር ላይ ማን ይፈጥናል?» ይላሉ። የፊዚክስ ተማሪዎች ወረቀት አውጡ። በሞተር ላይ የተቀመጠ ወይም ቆሞ የሚነዳ ሰው ራስ ከመሬት 1.7 ሜትር ያህል ከፍ ይላል እንበል። ሞተሩ ጨርሶ ቆሞ ሳለ ሰውየው ወደ ጎን ቢወድቅና ራሱ ከዚያ ከፍታ ሳይያዝ ቢወርድ መሬት የሚነካው በሰዓት ወደ 21 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ይህ የሞተሩ ፍጥነት አይደለም፤ የውድቀቱ ፍጥነት ነው፤ በአንደኛ ማርሽም በአራተኛም ያው ነው። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 22 መሠረት ቆብ ለዓመታት ሲፈተን የኖረው በሴኮንድ 7.5 ሜትር ማለት በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከብረት መስፍ ጋር እየተጋጨ ነው፤ ይህም ከሦስት ሜትር ጥቂት ዝቅ ካለ ከፍታ እንደ መውደቅ ነው። እንግዲህ ቆብ የተሠራው ለሚበር ሰው ብቻ ነው የሚለው አነጋገር ከሒሳቡ ጋር አይስማማም። ለሚወድቅ ሰው ነው የተሠራው።

ፎሙስ ምን ያደርጋል? ራሱ በዚያ ፍጥነት መጥቶ ድንጋይ ሲመታ የሚቆምበት ርቀት የቆዳውና የፀጉሩ ውፍረት ነው፤ ግማሽ ሳንቲ ሜትር እንበለው። ከድንጋዩና ከራሱ መካከል በሦስት ሳንቲ ሜትር የሚጨፈለቅ ፎም ብናስገባ የመቆሚያው ርቀት ስድስት እጥፍ ይሆናል፤ በአንጎል ላይ የሚያርፈውም ኃይል ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል። ሥራው ይኸው ነው። ከላይ ያለው ጠንካራ ቅርፊት ምቱን በሰፊው ይበትነዋል፤ ፎሙ ተጨፍልቆ ይሞትልሃል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ቆብ ቅርፊቱ ደኅና ቢመስልም ሥራውን ጨርሷል። ደግሞም ከውስጥ ጨርቁን ገለጥ አድርጋችሁ፣ ቴሌቪዥን ታሽጎበት የሚመጣውን የመሰለ ወፍራምና ጠጣር ነጭ ፎም ካላገኛችሁ፣ ያ ነገር ቆብ አይደለም፤ ፖሊስ ማታለያ ነው። የግንባታ ሠራተኛ የሚያደርገውም ቢጫ ቆብ ከላይ ለሚወድቅ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ሞተር ላይ አይረዳም።

ይህ ዕውቀት እንዴት እንደ መጣ ማወቅ ደስ ይላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በግንቦት 1935 በአረቦች አመፅ ስሙ የታወቀው እንግሊዛዊ ቲ. ኢ. ሎውረንስ ያለ ቆብ ሞተር ሲነዳ በብስክሌት የሚሄዱ ልጆችን ለማዳን ዘወር ብሎ ወደቀ፤ ከስድስት ቀን በኋላም ሞተ። ካስታመሙት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የተባለው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ኬርንስ ነገሩን አልረሳውም። በ1941 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተጀመረ በኋላ በነበሩት 21 ወራት በብሪታንያ 2,279 ሞተረኞችና ተፈናጣጮች በመንገድ ላይ እንደ ሞቱ ቈጥሮ፣ ከሞታቸው ምክንያት ዋናው የራስ ጉዳት መሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ጦር መልእክተኞቹን ሁሉ ቆብ አስደረገ። በ1961 ደግሞ የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር ለሕዝቡ ሁሉ ግዴታ አደረገችው። በ2008 ኮክሬን የተባለው የጥናቶች መመዘኛ ማኅበር እስከዚያ ድረስ የተደረጉትን ጥናቶች አንድ ላይ ሰብስቦ ሲመዝን፣ ቆብ የመሞትን ዕድል በ42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ አገኘ።

የሕክምና ተማሪዎች ከእኛ የበለጠ የምታውቁትን አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። በአገራችን የአንጎል ቀዶ ሕክምና የስፔሻሊስት ትምህርት በጥቁር አንበሳ የተጀመረው ገና በ2006 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በፃግብጂ ቆላ ራሱን የተመታ ሰው በመጀመሪያ በቃሬዛ ወደ መንገድ መውጣት፣ ከዚያ ሰቆጣ ወደሚገኘው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል መድረስ፣ ከዚያም ሪፈር ተጽፎለት ሌላ ረጅም መንገድ መሄድ አለበት። ሎስ አንጀለስ የወደቀው ሰው አምቡላንስ አለው። የእኛው ሰው ያለው ሦስት ሳንቲ ሜትር ፎም ነው፤ እርሱም በመሪው ላይ ተንጠልጥሏል።

ታዲያ የትኛው ቆብ ይሻላል? እዚህ ላይ በእኛ በራሳችን መካከል እንኳ ብዙ ተከራክረናል። አንደኛው ወገን «ሙሉ ቆብ ካልሆነ አይሆንም» ይላል፤ ማስረጃም አለው። ዲትማር ኦቴ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ በአደጋ ላይ የነበሩ ቆቦችን ሲመረምር ከምቱ ሲሶው ያህል ያረፈው በአገጭና በፊት በኩል ሆኖ አግኝቶታል። ፊቱ ክፍት የሆነ ቆብ ይህን ሲሶ ለድንጋዩ ይተውለታል። ሌላው ወገን ደግሞ «ተወልቆ የሚንጠለጠል ሙሉ ቆብ ከሚደረግ ክፍት ቆብ አይበልጥም» ይላል።

እኛ በመጨረሻ ያዘነበልነው ወደ ሁለተኛው ነው፤ ነገር ግን ወሰን አበጅተንለት። ጆሮንና ማጅራትን የሚሸፍን፣ ፊቱ ክፍት የሆነ ቆብ ከአቧራ መነጽር ጋር፣ ወይም ኪሱ ከቻለ ግንባሩ ላይ ጥላ ያለውና አገጩ ወደ ፊት ወጣ ያለው የሞቶ ክሮስ ቆብ፣ ለፃግብጂ መንገድ ተስማሚ ነው። የሞቶ ክሮሱ ቆብ የተሠራው በአፈርና በዳገት ላይ በዝግታ እያለከለከ ለሚሄድ ሰው ነውና አገጭን ይጠብቃል፣ አየርም ያስገባል፤ ዐይንም ስለሚታይ መነጽሩን ብቻ ከፍ አድርጎ ሽማግሌ መሳለም ይቻላል። ከአገጩ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚከፈተው ዐይነትም መልካም ነበር፤ ግን ይከብዳል፣ ዋጋውም ያይላል። ከጆሮ በላይ የሚቀረውን ግማሽ ቆብ ግን፣ ምንም እንኳ ቀላልና ነፋሻ ቢሆን፣ አንቀበልም። ምቾት ወሰን አለው ያልነው ይህንን ነው። ስለ ቀለሙ ከተጠየቅን ነጭ እንላለን፤ ፀሐዩን ይመልሳል፤ በኒው ዚላንድም በ2004 የወጣ ጥናት ነጭ ቆብ ያደረጉ ሞተረኞች ጥቁር ካደረጉት ይልቅ የአደጋ ዕድላቸው በ24 ከመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ወጣቶቻችን ጥቁር ይወዳሉ፤ እንግዲህ ምን እናድርግ።

በምቾትና በደኅንነት መካከል ያለው ክርክር በእኛ አገር አልተጀመረም። ቬትናም ሙቀቱ የሚያስጨንቅ፣ ሕዝቡም በሞተር የሚኖር አገር ነው። በዚያ ሕዝቡ ሙሉውን ቆብ «የሩዝ ማብሰያ» እያለ ያፌዝበት ነበር። መንግሥት «አላዋቂዎች» ብሎ ከመሳደብ ይልቅ ለሙቀት አገር የሚስማማ ቀላልና ነፋሻ ቆብ የሚመረትበትን ደረጃ አወጣ፤ ቆቡም እዚያው አገር ውስጥ ይሠራ ጀመር። ከዚያ በኋላ ከታኅሣሥ 15 ቀን 2007 ጀምሮ በአውሮፓ አቆጣጠር በየመንገዱ ሁሉ ግዴታ ሲሆን ሕዝቡ ባንድ ጊዜ አደረገው። ሕጉ ከቆቡ በኋላ መጣ ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ሕጉ ቀድሞ ቆቡ ቀረ።

አሁን ወደ ተፈናጣጩ እንምጣ፤ ይህ የእኛ የራሳችን ጉዳይ ነውና። መሥሪያ ቤት ሞተር ሲገዛ ቆብ ቢገዛ አንድ ይገዛል። ከኋላ የሚቀመጠው አዋላጇ ነርስ፣ አስተማሪው፣ የታመመች እናት፣ ወይም የክረምት ተማሪ ባዶ ራሱን ነው። ሁለቱም ግን የሚወድቁት ባንድ ላይ ነው። በሩዋንዳ ኪጋሊ ባለሞተሩ ለተሳፋሪው ሁለተኛ ቆብ ይዞ ይዞራል፤ ያለዚያ አይጭንም። እኛ ዘንድ ሁለተኛ ቆብ ሲባል የሚመጣው መልስ «የሰው ላብና ፎረፎር» የሚል ነው፤ ይህም ነቀፋ የሚገባው ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ተፈናጣጭ የራሱን ስስ የጥጥ ቆብ ወይም ሻሽ በኪሱ ቢይዝ ነገሩ ያልቃል።

በሻሽ ጊዜ የሴቶች እኅቶቻችን ጉዳይ ይመጣል። ሹሩባ የተሠራች ሴት ጠባብ ቆብ ስታደርግ ሹሩባው ማጅራቷ ላይ ይቆለልና ቆቡ ወደ ፊት ይገፋል፤ ግንባሯን ይጫናል፣ ዐይኗን ይጋርዳል። ሰፊ ቆብ ብታደርግ ደግሞ ፀጉሯን የፈታች ለት ይዞራል። የጤና ሠራተኞቻችን ብዙዎቹ ሴቶች ሆነው ሳለ ቆብ የሚገዙልን ሰዎች ይህን ከቶ አስበውት አያውቁም። አንድ መሥሪያ ቤት ቆቦቹን ሁሉ ባንድ ልክ ገዝቶ ሲያድል አይተናል፤ ለአንዱ ባርኔጣ፣ ለሌላው እንስራ ሆነ። ከወር በኋላ አንደኛው ቆብ የዶሮ መተኛ ሆኖ አግኝተነዋል። ዶሮዋ ተመችቷታል።

የካህናት አባቶቻችንም ጉዳይ አለ። አባ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ከኋላ ሲፈናጠጡ ማን ደፍሮ ቆብ ያድርጉ ይላቸዋል? እንግሊዞች በ1973 በአውሮፓ አቆጣጠር ቆብን ግዴታ ሲያደርጉ ጥምጥም የሚጠመጥሙት የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ተቃወሙ፤ በ1976 ፓርላማው ለእነርሱ ብቻ ከሕጉ ነፃ የሚያደርግ አዋጅ አወጣ። የእኛ አባቶች ጥምጥማቸውን በቤታቸው አውልቀው የሚያድሩ ስለ ሆነ ነገሩ እዚያ ድረስ የሚሄድ አይመስለንም። ሰቆጣ ላይ አንድ ወጣት ዲያቆን የመምህሩን ጥምጥም በንጹሕ ነጠላ ጠቅልሎ በደረቱ ይዞ፣ መምህሩ ደግሞ በጥጥ ቆብ ላይ የሞተር ቆብ አድርገው ሲሄዱ አይተናል። ሰው ፈገግ አለ እንጂ አልነቀፈም።

ስለ ገንዘቡም እንነጋገር። ሒሳብ ሹሙ «በጀት የለም» ይላል። ሞተሩን የገዛው በጀት ነዳጁን፣ ጎማውን፣ ካቴናውን ያስባል፤ ቆቡን ግን እንደ ጌጥ ይቈጥረዋል። ሞተር ሲገዛ ከነሁለት ቆቡ፣ ቆቡም ከሚያደርገው ሰው ራስ ጋር ተለክቶ እንዲገዛ ማዘዝ አዲስ አዋጅ አያሻውም፤ በግዢው ወረቀት ላይ አንድ መስመር መጨመር ይበቃል። የወረዳችን ልጆች ተመርቀው በየቢሮው ተቀምጠዋልና ያንን መስመር መጨመር የሚችሉ እጆች ጥቂት አይደሉም። ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ መምህራኖቻችንም ለመስክ ሥራ ተማሪ በሚልኩበት ጊዜ ከአበልና ከደብዳቤ ጋር ይህንን እንዲያስቡልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ለማኅበሩ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የካናቴራው ግዢ ይቅርና በዚያ ገንዘብ ለክረምቱ ሃያ ቆብ ይገዛ። ቆቦቹ ነጭ፣ ጆሮና ማጅራት የሚሸፍኑ፣ በሦስት ልክ የተከፋፈሉ ይሁኑ፤ ከእያንዳንዱ ጋር የአቧራ መነጽርና ሁለት የጥጥ ቆብ ይሰጥ። ክረምቱ ሲያልቅ ቆቡ ወደ ማኅበሩ ይመለስ፤ የወደቀበት ሰው ሳይደብቅ ይናገርና ያ ቆብ ይሰበር እንጂ ለሌላ አይሰጥ። ከመግዛታችን በፊት ደግሞ ሻጩ ፊት ሁለት ነገር እንፈትናለን። አንደኛ፣ ማሰሪያው በአገጭ ሥር ተጠብቆ ሲታሰር ከሁለት ጣት በላይ የማያስገባ መሆኑን፤ ሁለተኛ፣ ታስሮ ሳለ ከማጅራቱ በኩል ተይዞ ወደ ፊት ሲገፋ የማይወልቅ መሆኑን። ሳይታሰር የሚደረግ ቆብ ከሰውየው ቀድሞ ገደል ይገባል።

ልኩን ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድብ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ከኋላ ራሱ በሰፋበት በኩል ይዞራል። 55 እና 56 ሳንቲ ሜትር ለትንሹ፣ 57 እና 58 ለመካከለኛው፣ 59 እና 60 ለትልቁ ነው። ሜትሩን ከልብስ ሰፊው ተውሰናል። ሐሙስ ከምሳ በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ እየለካን ስም እንመዘግባለን፤ ሹሩባ የተሠራችሁ ሳትፈቱ፣ እንደ ተሠራችሁ ኑ።